ላይና ታችን ማን ነገራቸው?

የብስ ላይ የሚኖር እንስሳ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። እግሩ ምድርን ረግጦ ይቆማል፤ ክብደቱ በመገጣጠሚያዎቹና በጡንቻዎቹ ላይ ያርፋል፤ ከተንገዳገደም ወዲያው ይታወቀዋል። በውቅያኖስ መካከል ለሚኖር ለስላሳ እንስሳ ግን ይህ ሁሉ የለም። አካሉ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ክብደቱ ከከበበው የባሕር ውሃ እምብዛም አይለይም፤ ውሃው ራሱ ይሸከመዋል። የሚረግጠው ወለል፣ የሚደገፈው ግድግዳ የለውም። ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ ስለማይደርስ፣ ዓይን ቢኖረው እንኳ ሰማዩ በየት በኩል እንደሆነ ለይቶ አያሳየውም። ሆኖም አቅጣጫውን ማወቅ የህልውና ጉዳይ ነው። ምግቡ ከላይ ባለው ውሃ ውስጥ ሊበዛ ይችላል፤ ማዕበል ሲነሳ መሸሸጊያው ከታች ነው፤ የመዋኛ አካሉም የሚጠቅመው ወዴት እንደሚገፋው ሲታወቅ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ ቀንም ሌትም፣ ከውሃው ገጽ እስከ ጥልቁ ድረስ አቅጣጫውን የማይለውጥ አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም የመሬት ስበት ነው።

ሚዛን መጠበቅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቅ አንጎል የሚሠራውን የረቀቀ ስሌት ነው። ገመድ ላይ የሚሄድን ሰው ወይም በአየር ላይ የሚገለበጥን ስፖርተኛ ስናይ ይህ ግምት ትክክል ይመስለናል። የባሕር እንስሳት ማስረጃ ግን ወደ ሌላ ድምዳሜ ይወስደናል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ስበትን ማወቅ በመሠረቱ አንጎል የማያስፈልገው ሥራ መሆኑን ነው። ለዚህ የሚበቃው አንድ ከባድ ነገርን በስሱ ጸጉሮች ላይ ማሳረፍ፣ የአንዱን ጎን ጫና ከሌላው ጎን ማነጻጸር፣ ልዩነቱንም ወደ መዋኛ አካል ማስተላለፍ ነው። ዓይንና አንጎል ባላቸው እንስሳት ዘንድ ይህ ጥንታዊ ዘዴ አልተሻረም፤ እንዲያውም ሌሎቹ ስሜቶች የቆሙበት መሠረት ሆኗል።

መሣሪያው ስታቶሲስት ይባላል። በአብዛኞቹ እንስሳት ዘንድ ፈሳሽ የሞላበት ትንሽ ከረጢት ነው። የከረጢቱን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ጸጉር ያበቀሉ የስሜት ሴሎች ናቸው፤ በመካከሉ ደግሞ ስታቶሊት የሚባል ጠጠር ይገኛል። የስኩዊድ ስታቶሊት የተሠራው አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ማዕድን ስለሆነ ከባሕር ውሃ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። እንስሳው ቀጥ ብሎ ሲዋኝ ጠጠሩ በተወሰኑ ጸጉሮች ላይ ያርፋል፤ አካሉ ሲያጋድል ጫናው ወደ ሌሎች ጸጉሮች ይዛወራል። ጸጉር ሲጎብጥ የሴሉ ኤሌክትሪካዊ ሁኔታ ይለወጣል፤ ለውጡም በነርቭ በኩል ወደ ጡንቻ ወይም ወደ ሌላ የመዋኛ አካል ይደርሳል። ግንበኛ ግድግዳው መዝመሙን የሚያውቀው ቱምቢውን አንጠልጥሎ በገመዱና በግድግዳው መካከል የተፈጠረውን ክፍተት በማየት ነው። እዚህም የጠጠሩ ጫና ምንጊዜም ወደ ምድር እንዳመለከተ ይቀራል፤ የሚያጋድለው አካሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት መልእክት ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ሳይንስ ረጅም መንገድ ሄዷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩ ተመራማሪዎች ከረጢቱን ከነጠጠሩ ሲያገኙት ጆሮ ነው ብለው ደምድመው ነበር፤ በእኛ የውስጥ ጆሮ ውስጥም ተመሳሳይ ጠጠሮች ስላሉ ግምቱ ምክንያት አልባ አልነበረም። ጀርመናዊው ቪክቶር ሄንሰን በ1863 እ.ኤ.አ. ሽሪምፕና የመሳሰሉት እንስሳት ቅርፊታቸውን ሲለውጡ የከረጢታቸውን ሽፋን ከነአሸዋው አብረው እንደሚጥሉና አዲስ አሸዋ እንደሚያስገቡ ቢያስተውልም፣ አካሉን ያጠናው እንደ መስሚያ ነበር። በ1880ዎቹ ፈረንሳዊው ኢቭ ዴላዥ ከረጢቱን ከእንስሳቱ ላይ ሲያስወግድ የተናጋው አቋማቸውና አዋኛኘታቸው ሆኖ አገኘው። በ1891 ደግሞ ማክስ ፌርቮርን ኮምብ ጄሊ በሚባሉ ለስላሳ የባሕር እንስሳት ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ክርክሩን የቋጨው ግን ኦስትሪያዊው አሎይስ ክራይድል በ1893 ያሳተመው ሙከራ ነው። ክራይድል ቅርፊታቸውን የሚለውጡ ሽሪምፖችን አሸዋ በሌለበት ገንዳ ውስጥ አኑሮ የብረት ብናኝ ብቻ ሰጣቸው። እንስሳቱ ብረቱን በአሸዋው ፋንታ ወደ ከረጢታቸው አስገቡ። ከዚያ ማግኔት በጎን ሲያስጠጋባቸው አካላቸውን አጋደሉ፤ ያጋደሉትም የመሬት ስበትና የማግኔቱ ጉተታ ተደምረው በሚሰጡት አቅጣጫ ልክ ነበር። ለእነዚያ ሽሪምፖች ታች ማለት ጠጠሩ የሚጫንበት አቅጣጫ ነው፤ ከዚህ የተለየ የታች ዕውቀት ቢኖራቸው ኖሮ ማግኔቱ ባላታለላቸው ነበር።

አንጎል አያስፈልግም ለሚለው ክርክሬ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ኮምብ ጄሊ ነው። ይህ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ እንስሳ የተበታተነ የነርቭ መረብ እንጂ አንጎል የለውም። የሚዋኘው በአካሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በተዘረጉ ስምንት የማበጠሪያ ረድፎች ነው፤ እያንዳንዱ ማበጠሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የተጣበቁ ሲሊያዎች፣ ማለትም የሚርገበገቡ ጥቃቅን ጸጉሮች፣ ስብስብ ነው። ከአፉ ተቃራኒ ባለው ጫፍ ላይ ስታቶሊቱ በአራት የሲሊያ ዘለላዎች ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። ስታቶሊቱ ራሱ እያንዳንዳቸው ጠጣር ቅንጣት የያዙ ሕያዋን ሴሎች ክምር ነው። ከየዘለላው የሚነሳ የሲሊያ መስመር ወደ ሁለት ረድፎች ያመራል፤ ስለዚህ አራቱ ዘለላዎች ስምንቱንም ረድፎች ይመራሉ። እንስሳው ሲያጋድል ጠጠሩ አንዱን ዘለላ ይበልጥ ስለሚጫን የዚያ ዘለላ የመርገብገብ ፍጥነት ይለወጣል፤ ከእርሱ የተያያዙት ሁለት ረድፎችም አብረው ይለወጣሉ። የአንዱ ጎን ግፊት ከሌላው ሲበልጥ አካሉ ይዞርና ወደ ቀጥታው ይመለሳል። መረጃውን ሰብስቦ የሚወስን ማዕከል እዚህ የለም፤ ስሌቱን የሚሠራው የአካሉ አደረጃጀት ነው። በ2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ የክሮሞሶም ጥናት ኮምብ ጄሊዎች ከሌሎቹ እንስሳት ሁሉ ቀድመው የተለዩ መሆናቸውን ስለደገፈ፣ ዘዴው ምን ያህል ጥንታዊ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል።

ጠጠሩ የተሠራበት ነገር ከእንስሳ እንስሳ መለያየቱም ይህንኑ ያጠናክራል። የተለመደው ባለ ሰሐን ቅርጽ ጄሊፊሽ፣ ኦሬሊያ፣ በአካሉ ጠርዝ ዙሪያ ስምንት የስሜት አካላት አሉት፤ በእነርሱ ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ካልሲየም ሰልፌት ናቸው። ሃይድሮሜዱሳ የሚባሉት ጥቃቅን ጄሊፊሾች ጠጠራቸውን ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ፎስፌት ይሠራሉ። ሽሪምፕ ከባሕር ወለል አሸዋ ይለቅማል። ማይሲድ የተባሉት ትናንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳት ስታቶሲስታቸውን የተሸከሙት በጅራታቸው ነው፤ ብዙዎቹም ጠጠሩን ከካልሲየም ፍሎራይድ ያበጁታል። ሲዮና የተባለው የባሕር እንስሳ እጭ ደግሞ ማዕድን እንኳ አልፈለገም፤ ቆዳችንን በሚያጠቁረው በሜላኒን የተሞላች አንዲት ሴል ክብደቱን ትሰጠዋለች። በእኛ የውስጥ ጆሮ ያሉት ቅንጣቶች ካልሳይት ሲሆኑ፣ ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ድንገተኛ የራስ ማዞር ያመጣሉ። ይህን ሁሉ ልዩነት ያየ ሰው እያንዳንዱ የእንስሳ ሐረግ ጠጠሩን በየፊናው እንዳገኘ ለማመን ይገደዳል። ጠጠሩን የሚቀበለው ጸጉራም ሴል ግን የጋራ ውርስ ሊሆን ይችላል። ፖው4 የሚባለው የጂን ቤተሰብ በሰው የውስጥ ጆሮ ጸጉራም ሴሎች እድገት ውስጥ ድርሻ አለው፤ ይኸው ቤተሰብ በኦሬሊያ የስሜት አካላት ውስጥ ይሠራል፤ ባሕር አነሞኒ በተባለው እንስሳም ለጸጉራም ሴሎች መብሰል አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከአያት የወረደው ሴሉ ነው፤ ጠጠሩ እንደ አካባቢው የተገኘ ነው ማለት ያስኬዳል።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከፊዚክስ ነው። የአካሉ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ትንሽ ከከበደ እንስሳው ያለ ምንም ስሜት ቀጥ ብሎ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ታዲያ ከረጢቱና ጸጉሩ ለምን አስፈለጉ? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ እውነት የሆነበትም ቦታ አለ። ትሪፔዳሊያ የተባለችው ሳጥን መሰል ጄሊፊሽ አራት የስሜት አካላትና በድምሩ 24 ዓይኖች አሏት። እያንዳንዱ የስሜት አካል በሚተጣጠፍ ዘንግ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ያለው ከባድ ጠጠር ወደ ታች ስለሚጎትተው አካሏ ቢገለበጥም እንኳ አንደኛው ዓይን ሁልጊዜ ወደ ላይ ያያል። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ዓይን በውሃው ገጽ በኩል የማንግሮቭ ዛፎችን ጥላ እያየች ወደ መኖሪያዋ ትመለሳለች። እዚህ ክብደቱ ሥራውን የሠራው በቀጥታ ነው። ነገር ግን ክብደት ብቻውን የሚሰጠው አንድ አቋም ነው። ኮምብ ጄሊ አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ታች ይዋኛል፤ ጠጠሩና የዘለላዎቹ አቀማመጥ ሳይለወጥ፣ ጫና የበዛበት ጎን ረድፎቹን በማፍጠን ፋንታ ያዘገያል። የታችኛው አካሉ ስለከበደ ብቻ የቆመ ነገር እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። መቆምን ክብደት ሊሰጥ ይችላል፤ ማጋደልን፣ መጥለቅንና መመለስን የሚሰጠው ስሜት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብርሃን ይበቃል የሚል ነው። ስታቶሲስታቸው የተወገደባቸው ሽሪምፖች ከላይ ብርሃን እስካለ ድረስ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ አድርገው ቀጥ ብለው ይዋኛሉ፤ መብራቱ ከታች ሲመጣ ግን ይገለበጣሉ። ይህ ብርሃን አጋዥ መሆኑን ያሳያል፤ ብቻውን እምነት የማይጣልበት መሆኑንም እንዲሁ። ከዚህ የበለጠው መልስ የሚገኘው ግን በባሕር ውስጥ ከሁሉ የጠራ ዓይን ካላቸው እንስሳት አንዱ ከሆነው ከኦክቶፐስ ነው። የኦክቶፐስ የዓይን ብሌን ጠባብና አግድም የተሰነጠቀ ነው፤ እንስሳው ድንጋይ ላይ ቢወጣም፣ ጎኑን ቢያዞርም ስንጥቁ አግድም እንደሆነ ይቆያል። በ1960 ማርቲን ዌልስ ያሳተመው ሥራ የዚህን ምስጢር ገለጠ። አግድም የተኛን አራት ማዕዘን ከቆመው እንዲለዩ የሠለጠኑ ኦክቶፐሶች ሁለቱም ስታቶሲስቶቻቸው ሲወገዱ ዓይናቸው ከራሳቸው ጋር አብሮ መጋደል ጀመረ። የዓይኑ ስንጥቅ እንዳጋጣሚ አግድም በሆነበት ጊዜ በትክክል መረጡ፤ ወደ ቁም በዞረበት ጊዜ ግን የቆመውን እንደ ተኛ፣ የተኛውን እንደ ቆመ ቆጠሩት። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ትምህርታቸውም አልጠፋም። የጠፋው ያ ሁሉ የሚለካበት መነሻ ነው። ዓይን ራሱ ላይና ታችን የሚማረው ከጠጠሩ ከሆነ፣ ዓይን ጠጠሩን ይተካል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቃሉን ይሞግታል፦ ይህ እንደ ማሽን የሚደጋገም ምላሽ እንጂ ስሜት የሚባል ነገር አይደለም ይላል። ለዚህ በሰሜናዊው ቀዝቃዛ ባሕር የምትኖረው ክሊዮን የተባለችው ክንፋም የባሕር ቀንድ አውጣ መልስ ትሰጣለች። ክሊዮን ሁለት ስታቶሲስቶች አሏት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ተቀባይ ሴሎች ወደ አሥር የሚጠጉ ብቻ ናቸው። በለመደችው ቀዝቃዛ ውሃ ራሷን ወደ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቆያለች፤ ከስታቶሲስቶቿ ከተነጠለች ግን አቋሟን መጠበቅ ያቅታታል። ውሃው ሲሞቅባት ደግሞ ራሷን ወደ ታች አዙራ ትጠልቃለች፤ ቀዝቃዛው ውሃ ያለው ከታች ነውና። የጠጠሩ መልእክት አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ እንደ እንስሳው ሁኔታ ተለወጠ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። በድንገት ወደ ጎን የተወረወረ አካል ጠጠሩ ወደ ኋላ ስለሚቀር ያጋደለ ይመስለዋል፤ ስበትንና ፍጥንጥነትን መለየት ለጠጠር አይቻለውም። ቀስ ብሎ ለሚንሳፈፍ ጄሊፊሽ ይህ ብዙ ችግር አይፈጥርም። በፍጥነት የሚዋኙት ስኩዊድና ኦክቶፐስ፣ እንዲሁም ሸርጣን፣ ከጠጠሩ በተጨማሪ የአካልን መዞር የሚለዩ ሌሎች ተቀባዮችን አበጅተዋል። ረቂቁ ክፍል የተጨመረው እንቅስቃሴው ሲጠይቅ ነው፤ መሠረቱ ግን ያው ጠጠርና ጸጉር ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ያለ መሠረት ሲጎድል የሚሆነውን ማየት የክርክሩን ጥንካሬ ይፈትናል። በ1980ዎቹ በቤተ ሙከራ የሚፈለፈሉ አንዳንድ የስኩዊድና የካትልፊሽ ጫጩቶች መዋኘት አቅቷቸው በዙሪያቸው ሲሽከረከሩ ይታዩ ነበር፤ ሲመረመሩም ስታቶሊታቸው አልተሠራም። በ1989 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አገኘ፦ በሰው እጅ በተቀመመው የባሕር ውሃ ውስጥ ስትሮንሺየም አልነበረም። ተፈጥሯዊ የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ስትሮንሺየም ይዟል፤ ያ ሲጨመር ጠጠሩ ተሠራ፣ ጫጩቶቹም ቀጥ ብለው ዋኙ። ስበቱ ራሱ ሲለወጥስ? አፕሊዚያ የተባለችው የባሕር ቀንድ አውጣ ሽሎች በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ከመሬት በበለጠ ስበት ሲያድጉ ጠጠራቸው አነሰ። በ1998 በጠፈር መንኮራኩር ያደጉ የባዮምፋላሪያ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ከተለመደው የበዛ ጠጠር አበጁ፤ እነዚህ የወንዝና የሐይቅ እንስሳት በአገራችን ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሽሉ ጠጠሩን የሚሠራው በተወሰነ ልክ ብቻ ሳይሆን የሚደርስበትን ጫና እየመዘነ ነው ማለት ነው። በሰኔ 1991 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ መንኮራኩር ከ2,400 በላይ የኦሬሊያ ጄሊፊሾችን ይዞ ወጥቶ ነበር። በጠፈር ያደጉት ወደ ምድር ሲመለሱ፣ እዚህ ካደጉት ይልቅ በብዛት የተዛባ አዋኛኘት ታየባቸው። ጠጠር አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠጠሩ የሚመዝነው ነገር ነው።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የእኛን ኃላፊነት የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ጠጠርና ጸጉር ያለው አካል ስበትን ብቻ ሳይሆን ውሃውን የሚያናውጥ ዝቅተኛ ድምፅንም ይቀበላል። በ2001 እና በ2003 ግዙፍ ስኩዊዶች በሰሜን ስፔን፣ በአስቱሪያስ ዳርቻ ሞተው ተገኙ፤ ጊዜው በአካባቢው በድምፅ ሞገድ የባሕር ወለል ጥናት ከሚደረግበት ጋር የገጠመ ነበር። ይህን ተከትሎ በባርሴሎና የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ሥራ ስኩዊድ፣ ካትልፊሽና ኦክቶፐስን ለሁለት ሰዓት ከ50 እስከ 400 ኸርዝ ለሚደርስ ድምፅ አጋለጧቸው፤ በስታቶሲስታቸው ውስጥ የተቀደዱና የረገፉ ጸጉራም ሴሎችን አገኙ። በ2016 በሁለት የጄሊፊሽ ዝርያዎች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ተመዘገበ። በገንዳ ግድግዳዎች መካከል የሚያስተጋባ ድምፅ ከክፍት ባሕር ድምፅ ጋር አይወዳደርም የሚል ተገቢ ትችት ቀርቧል፤ ተመራማሪዎቹም ካትልፊሾችን በባሕር ውስጥ በተለያየ ርቀት አስቀምጠው ሙከራውን ሲደግሙት ጉዳቱን ዳግመኛ አገኙ፤ ውጤቱንም በ2017 አሳተሙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዱን መስጠት ይቻላል። የስበት ስሜት ለትልቅ አንጎል የተሰጠ ጸጋ አይደለም፤ አንጎል በሌለው አካል ላይ በጥቂት ሴሎችና በአንድ ጠጠር የሚቆም፣ ዓይንም ጡንቻም የሚመሩበት መሠረት ነው። መሠረቱ ቀላል መሆኑ ግን ከጉዳት አያስጥለውም፤ ጥቂት ሚሊግራም ስትሮንሺየም ሲጎድል ወይም ለሰዓታት ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ይፈርሳል። እስካሁን ስለ ባሕር ድምፅ ሲነሳ የሚታሰበው በአብዛኛው ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ዶልፊን ነው፤ የሚሰሙ መሆናቸውን ስለምናውቅ። ጆሮ የሌለው እንስሳ በድምፅ አይጎዳም የሚለው ግምት ግን ማስረጃ የለውም። የባሕር ወለል ጥናት ፈቃድ የሚሰጡና የመርከብ መንገድ የሚወስኑ ሁሉ ከእንግዲህ ጉዳቱን ሲመዝኑ ስታቶሲስት ያለውን እንስሳ ሁሉ፣ አንጎል የሌለውንም ጄሊፊሽ ጭምር፣ ሊቆጥሩት ይገባል።